ባዶ ሳጥን ዜሮ አይደለም፦ ኤአይ ለሣለው ቻርት ምስክሩ ማን ነው?



ውድ ወጣት እህትና ወንድሞቼ፣ ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከአንድ ስህተት ነው። ስህተቱም የኔው ነው። ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የነበራችሁ የጉዳዩን ግማሽ አይታችኋል። ሌላው ግማሽ በወሬ ከሚደርሳችሁ ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሲመጣ «ለሱ ስጡት» የምባለው ሰው ነኝ። ኮሚቴው ለጉባኤው የጠየቀኝ ቀላል ነገር ነበር፦ በቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤታችን በአምስቱ ክፍሎች የሚገኙትን ተማሪዎች ቁጥር ከሴፕቴምበር እስከ ጁን በሥዕል ማሳየት። መምህራኑ የየወሩን አማካይ ቁጥር የሚሞሉት ሁላችንም በምንጋራው አንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው። አምስት ክፍል በ10 ወር፣ በጠቅላላው 50 ሳጥን። በእጅ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም ነበር።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን የኤአይ ረዳትን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ማገናኘት አዲስ ፍቅር ሆኖብኝ ሰበብ እየፈለግኩ ነበር። ረዳቱን በአንድ በኩል ከሰንጠረዡ ጋር፣ በሌላ በኩል ከኢንተርኔት በነፃ ካገኘሁት ቻርት የሚሥል መሣሪያ ጋር አገናኘሁትና «የእያንዳንዱን ክፍል ተማሪዎች ቁጥር በየወሩ የሚያሳይ፣ ለስብሰባ የሚሆን፣ ንጹሕና ያማረ ቻርት ሥራልኝ» አልኩት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አምስት ባለ ቀለም መስመሮች፣ ጥርት ያለ ርዕስ፣ የወራቱ ስም ሁሉ በቦታው። አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ስላይዱ ላይ ለጠፍኩት።

በጉባኤው አጀንዳ ላይ የክፍል እጥረት ነበር። ከአምስቱ ክፍሎች ሁለቱን አቀላቅሎ አንድ ክፍል ማስለቀቅ ይቻል እንደሆነ ሊመከርበት ነው። ቻርቱ ግድግዳው ላይ ሲበራ የአራቱ ክፍሎች መስመር ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ ይሄዳል። የትልልቆቹ ሴት ልጆች ክፍል መስመር ግን ዲሴምበርን እንዳለፈ ቁልቁል ወርዶ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ማርች ላይ ተመልሶ ይነሳል።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሐጂ በጨዋ ደንብ ጠየቁ፦ «እህታችን፣ ክፍሉ ሁለት ወር ተዘግቶ ነበር እንዴ?»

ኡስታዛችን ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ያንን ክፍል ያለ አንዳች ክፍያ ለዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። «አልተዘጋም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አዳራሹ ግን ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አላነሳም። ከኋላ አንዱ «ዳታው እኮ ፊታችን ነው» አለ፣ በክፋት አይደለም። ክፍላቸው ከሌላ ክፍል ጋር እንዲቀላቀል የቀረበው ሐሳብ በእጅ ብልጫ ተደገፈ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ለኮሚቴው ተመራ። ኡስታዛ እራት ሳይቀርብ ወጥተው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። 15 ዓመቷ ነው፣ የዚያው ክፍል ተማሪ ናት። «አጎቴ፣ ጃንዋሪ እኮ ኡስታዛ ቤት ነበር የምንማረው» አለችኝ። «ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበር እኮ። ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ ተደራርበን፣ ሻይ እያፈሉልን።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ሊሰማኝ? ቻርቱ ዜሮ ይላል።»

በዚያ ሌሊት ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሆነውን ፈለግኩ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ላስረዳ። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ስለሆነ ውስጡን ማወቁ አይከፋም። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ቻርቱን የሚሥለው ረዳቱ ራሱ አይደለም። የሱ ሥራ ቃልና ቁጥር መደርደር ነው። ቻርት ሲፈለግ ለሌላ ፕሮግራም ቅጽ ሞልቶ ይልካል፦ ርዕሱ ይህ ነው፣ ዓይነቱ የመስመር ቻርት ነው፣ ወራቱ እነዚህ ናቸው፣ ቁጥሮቹም እነዚህ ናቸው ብሎ። ፕሮግራሙ ቅጹን ተቀብሎ ይሥልና ሥዕሉን ይመልሳል። ድሮ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚያገናኘው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል ክፍት ስምምነት ይፋ ካደረገ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦፕንኤአይን የመሳሰሉ ሌሎችም ስለተቀበሉት፣ አንድ መሣሪያ አንዴ ከተሠራ ከብዙ ረዳቶች ጋር መነጋገር ይችላል። ስምምነቱ የሚለው ቅጽ እንዴት እንደሚቀርብና እንዴት እንደሚላክ ነው። በቅጹ ውስጥ ምን ይጠየቅ የሚለውን የሚወስነው ግን መሣሪያውን የጻፈው ሰው ነው።

እኔ ያመጣሁት መሣሪያ ቅጹ ላይ አንድ ደንብ ነበረው፦ ለእያንዳንዱ ወር ቁጥር መሞላት አለበት። ባዶ ደግሞ ቁጥር አይደለም። ኡስታዛ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ተማሪዎቹን የመዘገቡት ቤታቸው ባለች ደብተር ላይ ስለነበር በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ረዳቱ መጀመሪያ ባዶውን ባዶ አድርጎ ላከ። መሣሪያው «እዚህ ቦታ ቁጥር ያስፈልጋል» የሚል የስህተት መልዕክት መለሰለት። ረዳቱ ሁለቱ ቦታ ላይ ዜሮ አስገብቶ ደግሞ ላከ። መሣሪያው ተቀበለ፣ ሣለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጀው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አልተደበቀም። እያንዳንዱ እርምጃ እስክሪኔ ላይ ነበር፣ አንዲት ትንሽ ቀስት ብነካ ይከፈት ነበር። አልነካኋትም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ማን ዋሸ?

ኡስታዛ አልዋሹም። ያልመዘገቡትን ባዶ ትተዋል፣ ትክክለኛው ነገርም እሱ ነው። የመሣሪያው ጸሐፊ ፕሮግራሙ እንዳይሰበር ብሎ ነው ቁጥር የጠየቀው፤ ማናችንም ፕሮግራም ስንጽፍ የምናደርገው ነው። ረዳቱስ? ውሸት ማለት እውነቱን እያወቁ ሌላውን ለማሳሳት መናገር ከሆነ፣ እሱ ማሳሳት ይፈልግ ነበር ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም። የተሰጠውን ሥራ የሚጨርስበት ቀዳዳ ፈለገ፣ አገኘ። እኔም ቻርቱ እውነት መስሎኝ ነው ያቀረብኩት። ውሸታም የሌለበት ውሸት ተፈጠረ ማለት ነው። ግን ሙሉ አዳራሽ ፊት ቆሞ በአንዲት ሴት ላይ መሰከረ፣ ምስክርነቱም ከሷ ቃል በልጦ ተሰማ።

«ማንም ስላልዋሸ ማንም አልበደለም» ማለት ይቀላል። ለጥቂት ሰዓታት እኔም በዚህ ለመጽናናት ሞክሬ ነበር። ያላስተኛኝ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በመድረሳ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ዓሊም አይደለሁም፣ ዝርዝሩን ዓዋቂዎችን ጠይቁ፤ ነገር ግን የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ ሲመዝኑ «ተናጋሪው እውነተኛ ሰው ነው ወይ?» በሚለው ብቻ እንዳላቆሙ ሁላችንም ተምረናል። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነበሯቸው። አንዱ ስለ ታማኝነቱ ነው፣ ዐዳላ ይሉታል። ሌላው የሰማውን ሳያዛባ መያዝና ማድረስ መቻሉ ነው፣ ደብጥ ይሉታል። ደግ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ ነገር የሚምታታበት ከሆነ ወሬው አይወሰድም ነበር። እሱን መስደብ አልነበረም። የመንገዱን ጥንካሬ መለካት ነው። ለዚህም ነው ወሬው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ሰንሰለቱ የት ጋ እንደላላ ወይም እንደተበጠሰ አንድ በአንድ የሚጠይቁት።

የኔን ቻርት ኢስናድ ልጻፈው ብዬ ወረቀት ላይ ደረደርኩት። ከኡስታዛ ወደ ሰንጠረዡ፣ ከሰንጠረዡ ወደ ረዳቱ፣ ከረዳቱ ወደ ቻርት መሣያው፣ ከመሣያው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ግድግዳው። መሐል ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ስለ ደብጣቸው መጠየቅ እችላለሁ። እንዲያውም ፈትሻቸው ነበርና የቀሩት 48 ሳጥኖች አንድም ሳይሳሳት በትክክል ነው የተሣሉት፤ እኔ በእጄ ብሠራው ኖሮ አንድ ሁለት ቦታ መሳቴ አይቀርም። ስለ ዐዳላቸው ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ሐፍረት የለባቸውም፣ ነገ ኡስታዛን መንገድ ላይ አያገኟቸውም፣ የሚጠየቁበት ቀን የላቸውም። አማና ሊጣልባቸው የሚችሉ አይደሉም። እነሱ ያልተሸከሙት ደግሞ አየር ላይ አይቀርም፤ በሰንሰለቱ ላይ ቀጥሎ ወዳለው ሰው ይወርዳል። ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

ደግሞ 48ቱ ትክክል መሆናቸው ነው ለሁለቱ የመሰከረላቸው። ግማሹ የተዛባ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መምህር ገና አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ይል ነበር። የተዋጣለት መሣሪያ ስህተቱንም አሳምሮ ነው የሚያቀርበው።

ስለ ኢማሙ ማሊክ የሚነገረውን ታውቁት ይሆናል። በሒጅራ አቆጣጠር በ179 ያረፉት የመዲናው ሊቅ፣ ከሩቅ አገር ብዙ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ለአብዛኛው የሰጡት መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር ይባላል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የትሕትና ታሪክ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላም ነገር አየሁበት፦ የትክክለኛነት ታሪክ ነው። «አላውቅም» ራሱ መረጃ ነው። ያ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የትኛው ጥያቄ መልስ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ለይቶ ነው የተመለሰው። የኔ መሣሪያ ቅጽ ግን «አላውቅም» የሚባልበት ቦታ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ቅጽ የሚሞላው ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ያለውዴታው ይመሰክራል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። የመስመር ቻርትንና የባር ቻርትን በ1786 በታተመ መጽሐፉ ለዓለም ያስተዋወቀው ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። የእንግሊዝን ንግድ ለብዙ ዓመታት የሚያሳይ መረጃ ስለነበረው በመስመር ሣለው። ወደ ስኮትላንድ ሲመጣ ግን በእጁ ያለው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ነበር። የሌሉትን ዓመታት በግምት ሞልቶ መስመሩን መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን አንዱን ዓመት ብቻ ማሳየት የሚችል ሌላ ሥዕል ፈጠረ፣ ንግዱን አገር በአገር በዘንግ የሚያሳይ። ዛሬ ትምህርት ቤት የምትሥሉት ባር ቻርት የተወለደው «ከዚህ በላይ መረጃ የለኝም» ከሚል ሰው ነው።

ለቴክኖሎጂው ፍርድ እንዳላጓድል ግን፣ ባዶን መዋጥ ኤአይ ያመጣው ኃጢአት አይደለም። በጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ በአሜሪካ መሐንዲሶችና ኃላፊዎች በማግስቱ ቻሌንጀር የምትባለውን መንኮራኩር ማምጠቅ ይገባ እንደሆነ በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። ቅዝቃዜው የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹን ይጎዳል ብለው የሰጉ መሐንዲሶች ነበሩ። በክርክሩ ከሙቀት ጋር የተነጻጸሩት ግን ቀለበታቸው የተጎዳባቸው በረራዎች ብቻ ነበሩ። በሙቅም በቀዝቃዛም ቀን ጉዳት ስለታየ ከሙቀት ጋር የሚያያዝ አልመሰለም። ምንም ጉዳት ያልታየባቸው በረራዎች ከስሌቱ ወጥተዋል፣ ምክንያቱም «ምንም አልተፈጠረም»። መንኮራኩሯ በማግስቱ በተነሳች በ73 ሰከንድ ፈራረሰች፣ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ ሁሉንም በረራዎች አንድ ላይ ሲያይ ከ65 ዲግሪ ፋራናይት በታች የተነሱት አራቱም ጉዳት ነበረባቸው፤ ከዚያ በላይ ከተነሱት 20 በረራዎች ግን ጉዳት የታየው በሦስቱ ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ኤአይ አልነበረም። ሰዎች ነበሩ፣ እንዲያውም ጎበዝ ሰዎች።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ውሳኔው የሚወሰንበት ቦታ ይመስለኛል። ኤክሴል የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፣ ባዶ ሳጥን ካለ ቻርቱ ላይ ክፍተት ይሁን፣ ዜሮ ይሁን፣ ወይስ መስመሩ ዘሎ ይገናኝ የሚል ምርጫ አለው። ብዙ ሰው አይነካውም፣ ግን ምርጫው የሰው ነው። «ለምን ዜሮ አደረግከው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አለ። በቻሌንጀርም ጊዜ ኮሚሽኑ ጠርቶ የሚጠይቃቸው ሰዎች ነበሩ። በኔ ቻርት ላይ ግን ያ ምርጫ የተደረገው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል፣ ማንም በሌለበት ነው። በዚያች ቅጽበት እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ስነግራት አልተዋጠላትም። «አንተ መኪና ስትነዳ ፍሬኑን ትፈትሻለህ? ካልኩሌተር ስትጠቀም በእጅህ ትደግማለህ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስብሰባው ላይ ዝም ያለችው ልጅ እቤት ዝም አትልም። ያልኳት ይህን ነው። ካልኩሌተር አንድ ነገር ነው የሚያደርገው፣ የሰጠሁትን ይደምራል። ያልሰጠሁትን ምን እንደማደርገው አይወስንልኝም። ረዳቱ ግን «ንጹሕና ያማረ ሥራልኝ» ባልኩት ጊዜ ንጹሕ ምን ማለት እንደሆነ ራሱ መተርጎም ነበረበት። ፍርዴን አውሼዋለሁ። ያዋስኩትን ነገር ደግሞ ሲመለስ ማየት አለብኝ።

«50 ሳጥን ስለሆነ ነው እንዲህ የምትለው» አለች። «50,000 ቢሆንስ?»

እዚህ ላይ ሙሉ መልስ የለኝም። 50,000 ሳጥን ቆጥሬ አልዘልቅም። ግን ስንቱ ባዶ እንደሆነና ባዶው ምን እንደተደረገ መጠየቅ እችላለሁ፣ ወደ መሣሪያው የተላከውን ቅጽ አውጥቶ እንዲያሳየኝም ማዘዝ እችላለሁ። ይህንንም ካላደረግኩ ቻርቱን ሳሳይ «አልፈተሽኩትም» ማለት እችላለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የመረጃው ብዛት አይደለም። ቻርቱ ስለ ማን ነው የሚናገረው? ስለ ዝናብ መጠን ከሆነ ስህተቱን ነገ አርመዋለሁ፣ ዝናቡ አይቀየመኝም። አዳራሹ ውስጥ ስለተቀመጠ ሰው የሚናገር ከሆነ ግን ከግድግዳው በፊት ለዚያ ሰው መታየት አለበት። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያድነኝ ረቂቅ ቴክኒክ አልነበረም። ስብሰባው ሳይጀመር በር ላይ ኡስታዛን አግኝቼ ስልኬን አውጥቼ «ኡስታዛ፣ ይቺን ይዩልኝ» ብል በቂ ነበር። አሥር ሰከንድ።

«ታዲያ አትጠቀሙ ነው የምትለው?» አለችኝ በመጨረሻ። አይደለም። ዛሬም እጠቀማለሁ። ሥዕል ራሱ ጠላት አይደለም፤ ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር በ1973 እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የመረጃ ስብስቦች አቅርቦ፣ አማካያቸውና ሌላው ስሌታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሲሣሉ ፈጽሞ እንደማይመሳሰሉ አሳይቷል። ሳይሣል የማይታይ እውነት አለ። ብዙዎቻችሁም ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ፣ ለመስጂዳችሁ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከኔ በተሻለ ፍጥነት ታገናኛላችሁ። ወላጆቻችሁም በመድረኩ ላይ ያለውን ቻርት የሚያምኑት እናንተ ስለሠራችሁት ነው። «ልጆቻችን ያውቁታል» ብለው። ይህን አትርሱት።

መሣሪያውን አሁን ለውጬዋለሁ። ቅጹ ባዶ ይቀበላል፣ ባዶ ባለበት መስመሩ ይቋረጣል፣ ከቻርቱም ሥር ስንት ሳጥን እንዳልተሞላ በጽሑፍ ያወጣል። ይህም ቢሆን አይበቃም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አሁንም «አጽዳልኝ» ብዬው ባዶውን በግራና በቀኙ ባሉት ቁጥሮች አማካይ ሞልቶልኝ ነበር። ቀስቷን ስለከፈትኩ ነው ያየሁት። «አጽዳ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ለኮሚቴው በዚያው ሌሊት ጻፍኩ። በአደባባይ የተሰጠ ምስክርነት በአደባባይ ነው የሚመለሰው ብዬ፣ በሚቀጥለው ስብስባችን ላይ ያንኑ ቻርት በዚያው ግድግዳ ላይ አብርቼ ስህተቱን አሳየሁ። ክፍሉ ባለበት ቀጠለ፤ የክፍል እጥረቱ እስካሁን አለ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ከእህቴ ልጅ ጋር ኡስታዛ ቤት ሄድን። ይቅርታ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉና ሻይ ሊጥዱ ተነሱ። ተመልሰው ሲቀመጡ «ባንተ አይደለም ያዘንኩት» አሉኝ። «ማሽን ይሳሳታል፣ ሰውም ይሳሳታል። ‹አልተዘጋም› ስል ግን አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።»

ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም፤ እኔም ዞር ብዬ ካላዩአቸው አንዱ ነኝ።

ደብተሩን አመጡ። ላስቲክ ሽፋን ያላት የተማሪ ደብተር ናት። ስሞች፣ ከጎናቸው ምልክት፣ ከላይ ቀኑ። የእህቴ ልጅ እያነበበች እኔ ከሰንጠረዡ ጎን ሳምንት በሳምንት አስገባለሁ። 16። 15። 17። የጃንዋሪ የመጨረሻ እሁድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ገጹ ላይ ቀኑ ብቻ ተጽፏል።

«በረዶ የጣለ ቀን ነው» አሉ ኡስታዛ። «ልጆቹን ለማሞቅ ስሯሯጥ ሳልመዘግብ ቀረሁ።»

«እኔ ነበርኩ» አለች የእህቴ ልጅ። «15 ሳንሆን አንቀርም። 15 በለው አጎቴ።»

ኡስታዛ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሳንሆን አንቀርም አይጻፍም» አሉ። «ባዶ ተወው።»

ባዶውን ትቼ ወደ ፌብሩዋሪ አለፍኩ።